ሞገድ ለሞገድ

ደግሞ ቀላ ዓይኑ፣
ደግሞ ተነሣበት፣ ደግሞ መጣ ቀኑ።
ስብሰባው መሃል ላይ አፌን እንደከፈትሁ
በሳንቲያጎ ግድግዳ ፎቶ ሆኜ ቀረሁ።
«ኤዱቪና፣ አለሽ?» ይሉኝ ይሆናል።
የሳልሞኑ ሒሳብ ግማሹ ተነግሮ፣
ግማሹ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ።

ወረድሁ በጉልበቴ ከመደርደሪያው ሥር፣
ገመዱን ነቅዬ ሠላሳ ልቆጥር።
አንድ... ሁለት... ሦስት...
ለየትኛው ጻድቅ ነው እንዲህ የምሰግድለት?
ሠላሳ ላይ ስደርስ መልሼ ሰካሁት፤
ብልጭ አለ። ድርግም አለ። አሰበበት።
ቀይ።

ያላደረግሁት የለም። ከመስኮት ሰቀልሁት፣
ከማቀዝቀዣው አናት እንደ ንጉሥ አስቀመጥሁት፣
በጎረቤት ምክር በድስት ክዳን ደገፍሁት፣
ተቆጣሁት፣ ለመንሁት፣
አንዴም፣ አልዋሽም፣ በጥፊ መታሁት።
ለጥፊው አንድ ሰዓት ሙሉ ታዘዘኝ።
ኩባንያው ግን ስደውል «ጥሪዎ ክቡር ነው» እያለ
አርባ ደቂቃ ዋሽንት አስደመጠኝ።

ኦስማን ከካስትሮ በዝናብ መጣ፣ ሦስት ጊዜ፤
የመሣሪያ ቦርሳውን በፌስታል ጠቅልሎ።
ገመዱን ለወጠ። ሣጥኑን ለወጠ።
እሱ ደጄን ሲረግጥ መብራቱ አረንጓዴ፣
ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ፣
ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሕመሙን እንደሚተው ጥርስ።
«ምንም የለውም እኮ» ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ፣
መኪናው ኩርባውን ሳይጨርስ፣
ቀይ።

አባቴ ሳንዳሊዮ ከመስኮቱ ጥግ መረቡን ይጠግናል።
ቤታችን በእንጨት እግሮች ከጭቃው በላይ ቆሟል፤
ውኃው ሲመጣ ከወለሉ ሥር ያንሾካሹካል።
«ባሕሩ ሲሞላ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ መርፌውን ሳያቆም።
ሳቅሁበት። «አባዬ፣ ይኼ እኮ የዓሣ አይደለም፣
የኢንተርኔት መረብ ነው።»
ዝም አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰው።
«መረብ ነው ካልሽማ፣
ከባሕር ጋር እንዴት አይስማማ?»

በነሐሴ፣ በአንድ የዝናብ ሌሊት፣ ሻማ ስፈልግ
አገኘኋት ያችን ትንሽ ደብተር፣
የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየሰዓቱ የታተመባትን፣
ዳር ዳሯ በእርሳስ የተሞላውን።
ከየሙላቱ ጎን አንዲት ጭረት፣
ካጠገቧ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈት፦
«ልጄ ጮኸች።»
«ልጄ ጮኸች።»
«ልጄ ሣጥኑን መታች።»
ሁለት ወር ሙሉ። አንድም ቀን አልሳተ።

ለካ ምሰሶው ከወሽመጡ ማዶ ነው፣ ኮረብታው ላይ፤
ሞገዱ የሚመጣው በሞገድ ላይ ተራምዶ ነው።
ውኃው ከፍ ሲል አንዱ ሞገድ ሁለት ይሆናል፤
አንዱ በአየር ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ከባሕሩ ነጥሮ ይመጣል፤
ደጃፌ ሲደርሱ፣ ውርስ እንደሚካፈሉ ወንድማማች፣
ይጠፋፋሉ።
እኔ ግን ስረግም የኖርሁት ምስኪኑን ሣጥን ነው፣ ከመደርደሪያው ታች።

ኦስማን ለአራተኛ ጊዜ መጥቶ ደብተሯን አገላበጠ፣
ራሱን አከከ፣ አባቴን ቀና ብሎ አየ።
«አንቴናው ከፍ ማለት አለበት። ለአለቃዬ እጽፋለሁ።»
እስካሁን ይጽፋል።

እስከዚያው፣ ከሳንቲያጎ «ሰኞ በሦስት ሰዓት ይመችሻል?» ሲሉኝ
«ቆዩ፣ አባቴን ላስፈቅድ» እላለሁ።
አርባ አራት ዓመቴ ነው።
ይስቃሉ፤ ሳቃቸው እስኪቆራረጥ እሰማለሁ።

ትናንት ግን ባሕሩ ሸሽቶ፣
ጀልባዎቹ በጎናቸው ጭቃው ላይ ተኝተው፣
የባሕር ወፎች በእግራቸው በሚንጎራደዱበት ሰዓት፣
ቀይ።
«አባዬ!»
መጣ። በመስኮት ጭቃውን አየ። ሣጥኑን አየ። ደግሞ ጭቃውን።
እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣ፣
ምንም ሳይጽፍ መልሶ ሰካው።
«በዚህኛው» አለ፣ «የባሕር እጅ የለበትም።
በጥፊ በይው።»