የግራ መስታወት

ከቬርቼሊ ወጣ ብሎ፣ ማሳው ውኃ በሚተኛበት፣
ድሮ የሩዝ መፈተጊያ፣ ዛሬ የኔ ብረት ቤት፤
ሚያዝያ እንቁራሪት ሲንጫጫ፣ ጥቅምት ጣሪያው ሲያፈስ፣
እዚህ ነኝ፣ እኔ ኦሬስቴ፣ ብሎን በናፍጣ ሳርስ።

መኪና አልሸጥም።
ሙሉ ሆኖ የገባ፣ ሙሉ ሆኖ አይወጣም።
ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣
መብራቷ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ ብሎ የሚያፈጥጥ፣
ያቺን ነው የምፈታታው፣ ያቺን ነው የምቸረችር፤
ዋጋዋ በኪሎ አይደል፣ በጠባይ ነው የሚነገር።

«ካርቡራቶሩ ጤነኛ፤ ካምቢዮው ሦስተኛ ላይ ያኮርፋል፤
የፊቱ ቸርኬ ቀጥ ያለ፤ የኋላው ትንሽ ያነክሳል፤
ፓራፋንጎው ተመትቷል፣ በቀለም አልሸፈንኩትም፤
የሞተ ባትሪ ‹ተኝቷል› ብዬ ለሰው ሸጬ አላውቅም።»
ይኸው ነው የኔ ጸሎት፣ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ጉም ሳያንኳኳ ሲገባ፣
ከጉሙ ኋላ አንዲት ሴት፣ ጓንቷን በጥርሷ ስባ፣
መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ለሰላምታ መስሎኝ ነበር፤
በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፣ አኃዝ በአኃዝ፣ የሻንሲ ቁጥር።

«ኖርማ ቫስኮቶ ነኝ» አለች፤ «ከትሪየስት ሌሊቱን ነዳሁ።
ይህ ቁጥር የአባቴ መኪና ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈለግሁ።
አንተ ጋ ናት አሉኝ።»

ምን ልበል? ናት? ነበረች?
አንድ ብሎኗ አልጠፋም፤ እሷ ግን የለች።

መዝገቤን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ጠርዙ በግራሶ ጠቁሯል፤
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፤ ጣቴ ወደ ታች ይወርዳል፦
«የቀኝ በሯ ግራዝ ናት፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ፤
የግራው ምን እንደ ሆነ… አዎ፣ እሱም እዚያው መንገድ።
ሞተሯ ኮሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይገፋል በበጋ፤
ኮፈኗ በርጋሞ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዕዳውን ገና አልዘጋ።
መቀመጫዎቿን የገዛው የኩኔዮ ጸጉር ቆራጭ፣
ወለል ላይ በብሎን ተክሎ፣ ደንበኛ ይላጭባቸዋል፤
ሕፃን የተቀመጠ እንደሆን፣ በአፉ ሞተር ያስነሣል።»

ሳቀች። ሳቋ አላልቅ አለ።
«ጥርሴን ለማስተካከል ነው አባቴ የሸጣት፤
በሯን ደግሞ፣ ዕድል ስትቀልድ፣ የጥርስ ሐኪም ገዛት!»
አየሁት ጥርሷን። ቀጥ ያለ ነው። ውድ ሥራ።

የቀረኝን ደረደርኩላት፤ ጥቂት ነው፤ አንድ እጄታ፣
የተሰነጠቀ ፍሬቻ፣ ሁለት ካንዴላ፤
ዋጋ ልቆርጥ አፌን ስከፍት፣
«ዕቃ አልፈልግም» አለችኝ። «ገጹን ሽጥልኝ።»

ሠላሳ ዓመት ብሎን ሸጥኩ፣ ፍሬን ሸጥኩ፣ ችንጋ ሸጥኩ፤
ወረቀት ስንት እንደሚያወጣ ግን ያን ቀን አላወቅኩ።
የደንበኛ ስም ምስጢር ነው፤ ጸጉር ቆራጩ ምን ይለኛል?
ጋጋሪውስ? (እሱ እንኳ ዕዳ አለበት፣ ዝም ይላል።)

«ሃያ ዩሮ» አልኩ። አፍሬም ነበር።
አልተከራከረችም። ገጹን ራሴ ቀደድኩላት፤
ከሌላ መኪና ገጽ ላይ ጠርዝ ቢጤ ይዞ ሄደ።
«ልትሰበስቢያት ነው ወይ?» ብላት፣
አጥፋ ከጡቷ ከተተችው። «የለም፤ ልጠይቃት ነው፤
በየዘመዱ ቤት እንደ ተበተነ ሰው።»

ጉሙ ዋጣት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ መደርደሪያ ሳነሣ፣ ከአይጥ ጎጆ ሥር፣
የግራ መስታወቷ ወጣ፤ በእጄ ጽሑፍ፣ ያው ቁጥር።
ስልኳን አልጻፍኩም። አድራሻው ሁሉ እሷ ጋ ነው።
ወለወልኩት። ከኋላዬ ማሳውን፣ ውኃውን አሳየኝ፣
ለኔ ደግሞ ግማሽ ግንባር ሰጠኝ።

ትናንት ከፓርማ ተደወለ፤ «የግራ መስታወት አለህ ወይ?»
ዋጋውን እጥፍ ጠራ፣ ሳልጠይቀው፣ ከላይ በላይ።
ብረቱ ጤነኛ፣ መስታወቱ ንጹሕ፣ ጭረት እንኳ የለው፤
እንደ ልማዴ ሁሉን ነገርኩት። ከዚያ፣ «ግን» አልኩት፣
«ባለቤት አለው።»