አንድ ወንበር ጎድሏል

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ሳጫውት
ከአዳራሹ ኋላ፣ በጠባቧ መስኮት፣
የሰው ፊት አላየሁም፤ ያነበብኩት ማጅራት።

ማጅራት አይዋሽም።
ፊት ማስመሰል ያውቃል፣ መስተዋት ያስተምረዋል፤
ማጅራት ግን ሲፈራ ትከሻ ውስጥ ይገባል፣
ሲያፍር ይቀላል፣
ሊያለቅስ ሲል ደግሞ ከእንባው ቀድሞ ይደርቃል።

ከተማችን ቺያቱራ በገደል የተከፈለች፣
በማንጋኒዝ እጣቢ ወንዟን ያጠቆረች፣
ሰዎቿን በብረት ሣጥን፣ በሽቦ ላይ አንጠልጥላ
ከአፋፍ አፋፍ የምትልክ፣ እንደ ፖስታ ጠቅልላ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ፊልም አለን፣ የድሮ፤
ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ተዘግቶ፣ ተሰባብሮ።
ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዲት ባዝራ ፈረስ፣
አባት ሲሞት ትቷት፣ «የኔ ናት» ብለው እስከ መካሰስ፤
ታላቅ አጥር ያጥራል፣ ታናሽ ያድራል ሲያፈርስ።

ሰባተኛው ረድፍ፣ ከዳር፣ ሙርማን አለ ሁልጊዜ፤
ሳንባው የማዕድን አቧራ፣ ቆቡ የአባቱ ጊዜ።
ፈረሷ ስትታይ ማጅራቱ ይለሰልሳል፣
አጥሩ ሲታጠር ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤
ታላቁ፣ አርጅቶ መጥቶ፣ ለማንኳኳት እጁን ሲያነሣ፣
ከመጨረሻው ጥቅል በፊት ሙርማን ነው ቀድሞ የሚነሣ።

«ማለቂያውን አታይም ወይ?» ብዬው ነበር አንድ ቀን።
«ማን ያጣዋል?» አለኝ፣ «በሩን ይከፍትና
ታናሽየው ይተኩሳል። ሌላ ምን አለና?»

ተከራክሬው አላውቅም። ጥይቱ የራሱ ነበር፤
ወንድሙ ቫርላም ማዶ ነው፣ ከላይኛው ሰፈር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም፤ በእናታቸው ቀብር
እንኳ አንዱ ከራስጌ ነው የቆመው፣ አንዱ ከግርጌ ዳር።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ፣ በረዶው ቆመ እንደ ግድግዳ፤
ሙርማን እንደ ልማዱ ወጣ። ሣጥኑ ቆሟል፣ መንገዱ ባዳ።
ተመልሶ ገባ፣ ቆቡ ነጭ፣ ተቀመጠ እንደ እንግዳ።

እኔም ጥቅሉን ጫንኩ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም ብል እዋሻለሁ።

በሩ ተከፈተ፤ ታናሹም ሸብቶ ብቅ አለ፤
ጠመንጃ የለም በእጁ፣ ይቅርታም አላለ።
አየው፣ ዝም ብሎ አየው። ዞረና ወደ ውስጥ ገባ።
(መቶ ጊዜ ያየሁት እኔ፣ ልቤ ያኔም ባባ።)
ሌላ ወንበር ይዞ ወጣ፤ ከራሱ ወንበር ጎን አኖረ።
ፈረሷ አስነጠሰች።
ጨለመ። በቃ፣ ፊልሙ ያ ነበረ።

መብራት ሳበራ ሙርማን አልተነሣም ከወንበሩ፤
ያ የድንጋይ ማጅራት፣ ተፈታ ውሉ፣ ማሰሩ።
«ይኸው ነው?» አለኝ ዞሮ፣ «አንድ ቃል ሳይነጋገሩ?»
«ይኸው ነው» አልኩት።
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት…» አለና ተቆረጠ ነገሩ።

ያን ሌሊት ከማሞቂያው አጠገብ አደርን፣ ሁለታችን፤
ያወራነው የቦሎቄ ዋጋ፣ የጉልበት ሕመማችን።

ሲነጋ ሽቦው ተንቀሳቀሰ። ከመስኮቴ ሳይ ቆሜ፣
(አዎ፣ ፊቱን ነበር ያየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜ)
ሙርማን ከብረቱ ሣጥን፣ ከገደሉ በላይ ቆሞ፣
ሕፃን እንደሚታቀፍ ወንበር ታቅፎ፣ ተሸክሞ።
ወንበሩ የኛ ነበር፣ የመግቢያው፣ አንድ እግሩ የታመመ፤
ልጮህ አፌን ከፍቼ፣ ድምፄ እዚያው ከሰመ።

ፊልም ያስተምራል ይላሉ። እንጃ። እኔ ያየሁት፣
ሰው ማለቂያውን በልቡ ጽፎ፣ ቆቡን አንሥቶ ሲወጣ ነው።
እኔም ብሆን አለኝ፣ ያልጫንኩት ጥቅል።

በመጋቢት ሥራ አስኪያጇ ኤቴሪ ለቆጠራ መጣች፤
መቶ አርባ ስትጠብቅ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመች።
«አንድ ወንበር ጎድሏል» ብላ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረች።
ብዕሯን ተቀበልኳት፤ «ምክንያት» ከሚለው ሥር
«ሥራ ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣
ያለ ስርዝ፣ ያለ ድልዝ።