የተራ ሰው ተራ

ጠዋት በአፉላ፣ በኩፓው ደጃፍ፣
ቁጥር ይተፋል የማሽኑ አፍ።
ሰማንያ ሰባት። ጉልበቴን ይዤ ጥግ ተቀመጥሁ፤
ከሩሲያዊቷ፣ ከአረቡ ሽማግሌ እኩል ጠበቅሁ።
ዶክተር ሊዮኒድ ጉልበቴን ዳሰሰ፤ ራጁን አየና
"ሌላ መላ የለው፤ ቀዶ ጥገና።"
መቼ? ስለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤
አስራ አንድ ወር ቆጠረ።

ማታ ሃይፋ ነኝ፣ ስድስተኛው ፎቅ፣
የግል ክሊኒክ እወለውላለሁ እስኪያብረቀርቅ።
እዚህ ቁጥር የለም። ሰው በስሙ ይጠራል፤
በብርጭቆው ውሃ ላይ ናና ይንሳፈፋል።
ያው ዶክተር ሊዮኒድ! ያው መነጽር፣ ያው እጅ፤
አንዲትን ሴትዮ ያጫውታል እንደ ወዳጅ።
እሷም ጉልበቷን ነው።
"ሐሙስ ይመችሻል?" አላት።
ሐሙስ።
የኔ አስራ አንድ ወር ለሷ ሦስት ቀን ሆነላት።

መወልወያዬ ወንበሩ ስር ሲደርስ እግሩን አነሳልኝ፤
"ቶዳ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። አላወቀኝ።
ልጠላው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም፤
ጠዋት ሲዳስሰኝ እጁ አላሳመመኝም።

ልጄ ሲጋሊት "ነጻ ነው፣ አታማርሪ" ትለኛለች።
ነጻ? በየወሩ ከደሞዜ ላይ ትቆረጣለች፣
ያቺ ነጻነት።
ወንድሜ አለኸኝ ደግሞ "በዕቁብ ክፈይ" ይላል፤
ዕቁብም እኮ ተራ ነው፤ የኔ ዕጣ መቼ ወጥቷል?

በመጨረሻው ባቡር ተመለስሁ፤
ኪሴን ስዳብስ የጠዋቱን ቁጥር አገኘሁ።
አልጣልሁትም።
ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው አርባ አራት።
እያንዳንዱ ላይ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፦
ዛሬ ቀኑ ስንት?