አባት፦ ያልታወቀ

በኮርንዎል ጠረፍ፣ ባሕር ካጠገቤ፣
ሁለት መዝገብ ገልጬ፣ ሁለት ሆነ ልቤ።
አንዱ፣ “ቄስ ትሬጊር በፌብሩዋሪ ዐርፎ
ተቀበረ” ይላል፣ ዓመቱን ለጥፎ፤
ሌላው፣ በዚያው ዓመት፣ በጁን አጋማሽ ላይ፣
ሙቱን ቄስ ያቆማል፣ ሕፃን ሲያጠምቅ እንዳይ።

ሦስት ቀን ተከዝሁ።
በአራተኛው፣ መዝገብ ጠባቂው ፔንሃሎ
መነጽሩን ወለወለና፣ ሳቅ ብሎ፦
“ያኔ ዘመን የሚለወጠው ማርች ማለቂያ ነው፤
ጁን ነው የቀደመው፣ ፌብሩዋሪ ኋለኛው።”

እፎይ! ሙቱ ዳነ።
ግን ያ የጥምቀት ቃል፦
“ስሟ ሎቭዴይ። እናት፦ ቶማዚን፣ ሰርዲን በጨው አሺ።
አባት፦ ያልታወቀ።”
ያ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ያ የቄሱ ጽሕፈት፣
“አባት” ላይ ሲደርስ ቀለም ፈሰሰበት።

ለጳጳሱ የተላከውን ግልባጭ ግን የጻፈው
የደብሩ ጸሐፊ ነው፣ ፊደል የሚያጣምመው፤
እዚያው መስመር ላይ፣ ሳያቅማማ፣
“አባት፦ አባታችን” ይላል።

ስቶ ይሁን አውቆ፣ ማን ይፍታው?
የሎቭዴይ ዘር ነኝ። መዝገቡን ከደንሁ፤
ወጥቼ፣ ስሙ ከጠፋ ድንጋይ ሥር ቆምሁ፤
ጸሎት የማላውቀው
“አባታችን ሆይ” አልሁ፣
ወደ ታች እያየሁ።