ሰዶም፣ የሌሊት ፈረቃ

ማታ በአራት ሰዓት አውቶቡሱ ይመጣል፣
ከዲሞና ለቅሞ ቁልቁል ይዞን ይሰምጣል።
ጆሮዬ ሲደፈን ምራቄን እውጣለሁ፣
ከባሕር ጠለል በታች ለእንጀራ እወርዳለሁ።

ኩሬ ይሉታል እንጂ ዓይን አይጨርሰው፣
ዓሣ ያልጎበኘው፣ ወፍም ያልቀመሰው።
ፀሐይ ታርሰዋለች፣ ፀሐይ ታጭደዋለች፣
ውሃውን ጠጥታ ነጩን ትተዋለች።
እኛ የሌሊት ሰዎች ቃርሚያ ለቃሚ ነን፤
በብረት መንጋጋ ወለሉን እየጋጥን
ባቡር እናጎርሳለን። ጠግቦ አያውቅም እስካሁን።

አባቴ ተዘራ፣ ዘር በስሙ ብቻ ነው፤
ሲሶ እየከፈለ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረው።
አባቱ ቀጥቃጭ ነበር። የአንድ ማረሻ ዋጋ
ሁለት አሞሌ ጨው፣ በልጥ የታሰረ፣
ከአፋር በረሃ በግመል የመጣ፣
ጠርዙ ከተሸረፈ ገበያ የማይወጣ።
አንድ ቀን ተዘራ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣
ተደብቆ ላሰው።
"ገንዘብ ይላሳል ወይ?"
አለንጋው ተረሳ፤ ቃሉ ግን
እስካሁን ከምላሱ አልወረደም።

ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከኪሴ ጥግ ቀርቶ
አንድ ቁንጥር አገኘ፣ ቀመሰው በጣቱ።
"ይኼ ጨው አይደለም። ይመራል።" እንትፍ አለ።
"ፖታሽ ነው፣ አባባ። ለአፈር ነው የሚሰጥ።"
"ለአፈርም ቀለብ ይሰፈርለታል?"
"ይሰፈርለታል። በባቡር እስከ አሽዶድ፣
ከዚያ በመርከብ ነው።"
"ወገራም ይደርሳል?"
ከረጢቱ የሚነግረኝ ክብደቱን ነው እንጂ
የማሳው ስም የለበትም።
ዝም አልኩ።

እሱ ግን ያስታውሳል፤ ዝናብ የቀረበት
የሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ዕዳ፣
ወይኖ የሚሉት በሬ ከደጅ ሲነዳ፣
የቀበሌው ሰው ገመዱን ሲስብ
በሬው ዞሮ ሲያየው።
"እንግዲያ" አለኝ ሳቅ ብሎ፣ "ወይኖን የወሰደው
ያንተ ጌታ ነዋ!"
ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ባሕሩ በየዓመቱ ሁለት ክንድ ይወርዳል፤
ዳር ዳሩን መሬቱ ሳይታሰብ ይከዳል፣
ተምሩን ከነሥሩ ጉድጓድ ይውጠዋል።
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይላል ተረቱ፤
ይኼኛው ለማን ብሎ እንደሚመር
ሃያ ዓመት ጭኜው አልገባኝም።

አባቴ ያችን ቁንጥር
በረንዳ ላይ ካለው የጤና አዳም ቆርቆሮ በተናት።
ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ
ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ።
አልደረቀም፤
አላደገምም፤
ምንም አይጠይቀኝም።