«ውጣ» የሚለውን ሳልጫን

ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣
አንድ የሚያጓራ ቬንቲሌተር፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፤
ደንበኛው ዘጠኝ ነው፣ የሚጽፈው ጣት ግን የኔ፤
ቃሉ ከነሱ አፍ ይወጣል፣ ቁልፉ ሲያድር ከጎኔ፣
በሰማያዊ ደብተር፣ እንደ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ፣
ስም በግራ፣ የይለፍ ቃል በቀኝ፣ ለሌላ ዓይን እንዳይነበብ
በእርሳስ፣ ቀጠን ተደርጎ።

የዋበሪ፣ የመኪናው ታርጋ። ታይዋን ገበያ ነው ሱቁ፤
ለዱባይ ያስጽፋል፤ «በላቸው አቦ፣ ቻርጀሮቹ አለቁ!»
የኢፍቱ፣ የበኩር ልጇ ስም። ባሏ ጅዳ ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው፤
ቆማ ነው የምታስጽፈው፣ የምታወራው ለግድግዳው።
የሙሴ ደጀኔ፣ ሲነዳት የኖረው የባቡር ቁጥር፤
ለልጁ ጂቡቲ ሲያስጽፍ፣ እንደ ቴሌግራም ነው የሚያጥር፦
«ደኅና ነኝ። ብሩ ደርሷል። ጣራው ተጠገነ። አባትህ።»
ድሬ «አንቱ» አያውቅምና፣ «ናፍቆት ቢጤ ልጨምርልህ?» ስለው
«ትርፍ ጭነት አልጭንም» ይላል፣ ባርኔጣውን እያስተካከለው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣
ከተማው በርጫ ላይ ሳለ፣ ኢፍቱ ከገበያ ስትመጣ፣
የተከፈተ ደብዳቤ ነበር፤ «መልስ» የሚለውን ነክቼ
እሷ ስትል እኔ ጻፍኩ፣ ግማሽ እንቅልፌን ተኝቼ፦
«ናፍቀኸኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ነህ እላለሁ።
ሌሊት ሳል የሰማሁ መስሎኝ ከእንቅልፌ እነሳለሁ።
ትራስህን እስከዛሬ አላጠብኩትም።
ብሩ ይቅር። አንተ ና።»

ላክሁት። ሄደ።
ኢፍቱ ከወጣች በኋላ፣ ከስክሪኑ ጥግ ብመለከት፣
የሚያበራው ስም የሙሴ ደጀኔ! ከጠዋት ጀምሮ ክፍት፣
«ውጣ» የሚለውን ሳልጫን።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤
ከጣት የወጣስ? ደወሌን አልፎ ኬላ ተሻግሯል ቃሉ።

የኢፍቱን ያን ማታ ደግሜ ጻፍኩ፣ በራሷ ስም፣ በራሴ ሒሳብ፤
የሙሴንስ እንዴት ላርመው? በምን አፌ፣ በየትኛው ሐሳብ፦
«ይቅርታ፣ ስህተት ነው፤ አባትህን አልናፈቅከውም» ልበል?

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ሙሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
አነበብኩለት፣ ድምፄ እየተቆራረጠ፦
«አባዬ፣ ያን ትራስ አላጠብከውም? ክሬኑን አቁሜ
አነበብኩት፣ ደግሜ ደጋግሜ።
አሁንም እስላለሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

ሙሴ ዝም አለ። ቬንቲሌተሩ ብቻ አጓራ።
መነጽሩን አወለቀ። ወለወለ። መልሶ አደረገ።
«ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?»
የኢፍቱ ቃል የኢፍቱ ነው፤ ከደብተሬ አይወጣም።
«ትንሽ ትርፍ ጭነት» አልኩት።
ሒሳቡን ከፈለ፤ መልስ ሳይቀበል ወጣ።

ቅዳሜ ወደ ቤት ስመለስ፣ በደጁ ሳልፍ ዘገየሁ፤
አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ሽቦው ላይ ተሰጥተው አየሁ፤
ትራስ ግን ብፈልግ አጣሁ።