በፊደል ስንት ነው?

ገላን፣ ከቧንቧ ፋብሪካው ጀርባ፣
ክረምት የላጠው የብረት በር፣
እኔ መሰላሌን አስደግፌ
ዋጋዬን ስናገር፦
«በፊደል ስድሳ ብር። ቀለም የራሴ።»
ራጉናት፣ የማሽን ክፍሉ ሹም፣ ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ፤
አንዲት ቃል፣ አናቷ ላይ አግዳሚ መስመር፣
ፊደሎቿ ከሥሩ የተንጠለጠሉ
እንደ ጎረቤት እርጥብ ካልሲ።
«ላክሽሚ» አለ። «የእናቴ ስም።»

በጣቴ ቆጠርኩ፦ ላ፣ ክ፣ ሽ፣ ሚ።
አራት። ሁለት መቶ አርባ።
«ሁለት ነው» አለ፣ በእርሳሱ እየነካ፤
«ላ፣ አንድ። ክሽሚ፣ አንድ።»
«ሦስት ሰው ተጣቦ ባንድ ባጃጅ ቢሄድ
ታሪፉ የሦስት ነው፣ ወንድሜ!»

ዘጠኝ ዓመት ከወዛደር በለቀመው አማርኛ አስረዳኝ፦
ምንም ያልተቀጠለበት ፊደል
በሆዱ «ኧ» ይዟል፣ እንደናንተ ግዕዝ፤
ድምፅ ያጣው ግን ብቻውን አይቆጠርም፣
ግማሽ ጎኑን ጥሎ ከጎረቤቱ ይጣበቃል፣
አናባቢ እስኪመጣ ይጠብቃል፤
ያ ሲመጣ ባንድ ትንፋሽ አንድ ይባላሉ።
ስሙ አክሻራ። ትርጉሙ፣ የማይጠፋ።

የማይጠፋ! ቀና ብዬ በሩን አየሁ፤
አምና የጻፍኩት «ጥበቃ አለ»
ቃን ዝናብ ወስዶበት
«ጥበ አለ» ብሎ ቀርቷል።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
«ክንድ» ስል ክ ትተነፍሳለች፣
«ላክ» ስል ትንፋሿ የለም፤
መልኳ ግን ያው ነው፣ ምልክት የላትም።
እነሱ ድምፅ ሲገድሉ
ከእግሩ ሥር ጭረት ይተዋሉ፤
እኛ ያለ ምስክር።
ሃያ ስድስት ዓመት ፊደል በነጠላ ቸርችሬ
አንዱ የት ላይ እንደሚያልቅ አልጠየቅኩም።

ልጄን ትርንጎን ቀሰቀስኳት፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፤
«ላክሽሚ በዪ፣ በጭብጨባ ቁጠሪ።»
ዓይኗን እያሸች፣ ላክ፣ ጧ። ሽሚ፣ ጧ።
«ሁለት!» ብላ ተመልሳ ተኛች።
ቁጥሩ የራጉናት፣ ቆረጣው ግን ሌላ፤
እሱ ከላ በኋላ፣ እሷ ከክ በኋላ።
ክ መሐል ቀረች፣ እንደ ሰፈራችን፣
የከተማው ትሁን የገጠሩ
ገና ያልለየላት።

በነጋታው ወጣሁ። መስመሩን አስቀድሜ ስስብ
ከታች ጮኸ፦ «እሱ መጨረሻ ነው!»
እንዴት? ልብሱ ሳይሰጣ ገመድ አይታሰርም?
ግን ታዘዝኩ።

ሒሳቡ በሦስት ተዘጋ፣ መቶ ሰማንያ፤
በሱም በኔም አቆጣጠር ስሕተት የሆነ ቁጥር።
ብሩን ቆጥሬ፣ ብሩሼን በጋዝ እያጠብኩ፣
«መስመሩን» አልኩት «በነጻ ነው የሰጠሁህ።»